መስኮት አልባ ክፍል ወይስ ባለ በረንዳ?

ለገጣፎ የሚኖሩ አዲስ ተጋቢ ጓደኞቼ ከባርሴሎና በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ሊጓዙ ነው። የመጀመሪያቸው ነው። ያልተስማሙት በክፍሉ ላይ ነው።

እሱ መስኮት አልባውን ይፈልጋል። ዋጋው ረከስ ይላል፤ ዋናው ምግብ ቤትና መዋኛው ለሁሉም አንድ ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ መንጋቱን ሰዓት አይቶ ነው የሚያውቁት።

እሷ ደግሞ በረንዳ ካልሆነ ብላለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ በማለዳ በቢጃማ ወጥቶ፣ ቡና ይዞ፣ ወደቡ ቀስ እያለ ሲቀርብ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ሲያቅለሸልሽም ንጹሕ አየርና አድማሱን ማየት ይረዳል። ብሩ ካልበቃ መስኮት አልባው ይሁን፤ ብቻ ከመርከቡ መሃል፣ ከታችኛው ፎቅ ይያዝ። መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል።

ከክፍሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቪዛው ነው። መርከቡ ቱኒስ ጎራ ካለ ከሼንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥቶ መመለስ ነውና አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃም። ባርሴሎናም አንድ ቀን ቀደም ብሎ መግባት ነው፤ አውሮፕላን ዘገየ ብሎ መርከብ አይጠብቅም። መድኃኒትና ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ትልቁ ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።