አሮጌው ቅጂ ወይስ አዲሱ ህትመት?

ዘመን የተሻገረ ልቦለድ ልትገዙ ነው። ያገለገለውን ቅጂ ወይስ አዲሱን ህትመት?

የእኔ ልብ ወደ አሮጌው ያደላል። ሽታው ብቻ ይበቃኛል! ያ ቫኒላ ቫኒላ የሚል ጠረን የሚመጣው በወረቀቱ ውስጥ ያሉት ሴሉሎስና ሊግኒን የተባሉት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ቀስ በቀስ ሲፈራርሱ ነው። በህዳጉ ላይ የማላውቀው ሰው በእርሳስ የጫረውን ማስታወሻ ሳገኝ ደግሞ አብረን ያነበብን ይመስለኛል። ችግሩ ዕድሜው ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት በብዛት ከእንጨት መሠራት ጀመረ፤ በውስጡ የሚቀረው አሲድ ገጹን ቢጫ ያደርገዋል፣ ያደርቀዋልም። ቀድሞ ከጨርቅ ቁራጭ ይሠራ የነበረው የበለጠ ይጸናል።

አዲሱ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ቦርሳ ውስጥ ይዞ ለመዞር እሱ ይሻላል። ስትገዙ ግን ታሪኩ አጥሮ የቀረበ እንዳይሆን የመጀመሪያዎቹን ገጾች እዩ።