የታተመ ቅጠል ወይስ በእጅ የተጻፈ?

በ1500 ገደማ ፓሪስ ከተሠራ መጽሐፈ ሰዓታት፣ ማለትም ምእመናን በየሰዓቱ ከሚጸልዩበት የጸሎት መጽሐፍ፣ አንድ የብራና ቅጠል ሊገዙ አስበዋል እንበል። የታተመው ይሻላል ወይስ በእጅ የተጻፈው? ሁለቱም ላይ ብዙ ጊዜ በእጅ የተቀባ ወርቅና ሰማያዊ ይኖራል፤ ከሩቅ ይምታታሉ።

ጠጋ ብለው ይዩ። የታተመው ፊደል ጥቁር ነው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። የእጅ ጽሑፉ ቀለም ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ ያደላል። ጸሐፊው ብዕሩን ሲነክር ደመቅ፣ ሲያልቅበት ፈዘዝ ይላል። እኔ ይህን ሳይ የሰውየው እጅ አጠገቤ ያለ ይመስለኛል።

ዋጋ፦ የታተመው ባብዛኛው ረከስ ይላል። ሙሉ ሥዕል ያለበት የእጅ ጽሑፍ ኪስ ያራቁታል።

ማንነቱን ማወቅ፦ እዚህ የታተመው ይበልጣል። የፓሪሱ አታሚ ፊሊፕ ፒጉሼ ለመጽሐፍ ነጋዴው ሲሞን ቮስትር ያተማቸው በጠርዝ ሐረጋቸው ይለያሉ። የዚያው እትም ሌላ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካለ፣ ገጽ ለገጽ ማመሳከር ይቻላል። የእጅ ጽሑፉ መንታ የለውም።

ስጋት፦ የታተመው ላይ ቀለሙን ይጠራጠሩ፤ በኋላ ዘመን ለገበያ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ወፍራም ቀለም በብረታ ብረት ሰሌዳ ተቀርጾ የታተመውን ረቂቅ ሥዕል፣ ያንን በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ጥቁር መደብ፣ ይሸፍነዋል። ያሳዝነኛል። የትኛውንም ሲገዙ ቅጠሉ የወጣበት መጽሐፍ መቼ እንደተበተነ ይጠይቁ። በቅርብ ከሆነ ይተዉት፤ መግዛቱ ሌሎች መጻሕፍትም እንዲበተኑ ያበረታታል።

የሕትመትን ታሪክ ለሚወድ፣ ወይም ለጀማሪ፣ የታተመው ይስማማል። የጸሐፊ እጅ ለናፈቀው ግን ሥዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት የእጅ ቅጠልም ይበቃዋል፤ ዋጋውም ያን ያህል አያስደነግጥም።