ከሌላ ስፖርት ለመጣች መቺ የትኛው የክሪኬት ባት ይሻላል?

አሽሊ ባርቲ የቴኒስ ራኬቷን አስቀምጣ ባት፣ ማለትም የክሪኬት መምቻ፣ ስትይዝ የብሪዝበን ሂት የተባለው የክሪኬት ቡድን አሰልጣኝ አንዲ ሪቻርድስ በመጀመሪያው ልምምድ አንድም ኳስ እንዳልሳተች ተናግሯል። በዲሴምበር 2015 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ የሴቶች ቢግ ባሽ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፋ በ27 ኳስ 39 ራን (ነጥብ) አስቆጠረች፤ አንዷን ኳስ መሬት ሳታስነካ ከሜዳው ወሰን አሻግራ 6 ራን ወስዳባታለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ውድድር ከ10 ራን ያለፈችው አንዴ ብቻ ነው፣ የራን አማካይዋም 11.33 ሆኖ ቀረ። በ2016 ወደ ቴኒስ ተመለሰች፤ የሮላን ጋሮስ፣ የዊምብልደንና የአውስትራሊያ ኦፕን ድሎቿ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ዓይንና የእጅ ፍጥነት ከስፖርት ወደ ስፖርት ይሻገራሉ። የመምቻው ክብደትና አወዛወዙ ግን እንደ አዲስ ይለመዳል፤ ባት ሲገዛ መታየት ያለበትም ይኸው ነው።

የቴኒስ ራኬት 300 ግራም ግድም ይመዝናል። ለአዋቂ ሴት የሚስማማው ባት ከ1.05 እስከ 1.15 ኪሎ ነው፤ የሴቶች ኳስም ከ140 እስከ 151 ግራም ትደርሳለች። ከቴኒስ የመጣች ሴት ክንዷን ተማምና 1.2 ኪሎ ባት ብትወስድ ክብደቱ ያዘገያታል፣ ኳሷም ቀድማት ታልፋለች። ይህን ለማካካስ ስትሞክርም እጀታውን ከታች የያዘው እጇ ባቱን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ክሪኬት ውስጥ ደግሞ ባቱን ቀጥ አድርጎ የሚመራው የላይኛው እጅ ነው። ሱቅ ውስጥ መፈተኛው ቀላል ነው፦ ባቱን በላይኛው እጅ ብቻ ይዞ ወደ ኋላ ማንሳት። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ጎን ከዞረ ከባድ ነው።

ከሆኪ ለመጡት ነገሩ ይቀላል። የሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ስለሆነ ምቱ የእጅ አንጓን አያስደነግጥም፣ ግራ እጅ ከላይ ቀኝ ከታች መሆኑም ከቀኝ መቺ አያያዝ ጋር አንድ ነው። ለኒውዚላንድ ሆኪ የተጫወተችው ሶፊ ዴቫይን ከዚያ ወገን ናት። የክሪኬት ቡድን ጓደኛዋ ሱዚ ቤትስ ግን በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ የተሰለፈችው በቅርጫት ኳስ ነው። በ2024 ዱባይ ላይ ሁለቱም የቲ20 (አጭሩ የክሪኬት ዓይነት) ዓለም ዋንጫን አንስተዋል።

መጠኑን በተመለከተ «የሴት» የሚል ተለጣፊ ብቻውን ምንም አይነግርም። ቁመቷ ከ1.65 እስከ 1.72 ሜትር ለሆነች ሃሮው የሚባለው ልክ ይበቃል፤ ከዚያ ላጠረች 6 ቁጥር፣ ለረዘመች ሾርት ሃንድል የሚባለው የአዋቂ ልክ። አምራቾች በጥቂቱ ይለያያሉ።

እንጨቱ አኻያ ነው። የካሽሚሩ ርካሽ ቢሆንም ጥቅጥቅ ያለና ክብደት የሚያበዛ ነው፤ በቴኒስ ኳስ ለመለማመድ ካልሆነ በቀር አይመከርም። ከእንግሊዙ 3ኛ ደረጃው ይበቃል፤ 1ኛ ደረጃ የሚያስከፍለው በአብዛኛው ለመልኩ ነው። ፊቱ ላይ ከ6 እስከ 10 ቀጥ ያሉ የእንጨት መስመሮች ካሉ ጥሩ ነው። መስመር የበዛበት ቶሎ ጥሩ መምታት ይጀምራል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል።

ብዙ ገንዘብ የሚበላሸው ከግዢ በኋላ ነው። አዲስ ባት ሳይዘጋጅ ጠንካራ ኳስ ከመታ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥሬ የተልባ ዘይት ፊቱን፣ ጠርዙንና ታችኛውን ጫፍ ይቀባል፤ እጀታው ከእንጨቱ የሚጋጠምበት የቪ ቅርጽ ቦታ ግን ዘይት አይነካውም፣ ሙጫው ይላቀቃልና። ለቀለም ሥራ የሚሸጠው የተፈላ ዘይት አይሆንም። ባቱ ተጋድሞ አንድ ቀን ያድርና ይደገማል። ከሁለት ሦስት ዙር በላይ መቀባት እንጨቱን ያከብደዋል፣ ምቱንም ያደነዝዘዋል። ፊቱ በፕላስቲክ ከተሸፈነ የተሸፈነው ክፍል አይቀባም።

ከዚያ ፊቱ በእንጨት መዶሻ ይመታል። በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ያህል፣ በየ10 እና 15 ደቂቃው እየተከፋፈለ፣ ከለስላሳ ምት ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጠነከረ። ጠርዙ በጎን በኩል አይመታም፤ መዶሻውን አጋድሞ እያንሸራተቱ ክብ ማድረግ ነው። የታችኛው ጫፍ ከሥር ፈጽሞ አይመታም። ቀጥሎ በአሮጌ ኳስ ቀላል ምት ይሞከራል፤ የኳሷ ስፌት ጥልቅ ምልክት ከተወ ወደ መዶሻው መመለስ ነው። «ተዘጋጅቶ የመጣ» የተባለ ባትም ቢሆን ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ዱባይና ሻርጃ ላሉ ደግሞ አንድ ነገር፦ ባት የመኪና ሻንጣ ውስጥ አይተውም። ሙቀቱ አኻያውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል፣ የመጋጠሚያውን ሙጫም ያላላዋል። እርጥብ ሣር ላይ ለሚጫወቱ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ታችኛው ጫፍ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስለዚህ የጎማ መከላከያ ከመጀመሪያው ይለጠፍበት።