ባለ 3 በ6 ጫማ ኤልኢዲ ታፔላ፦ ከመግዛትዎ በፊት የከተማውን የዞኒንግ ደንብ ያንብቡ

አሜሪካ ውስጥ በሐበሻ ገበያዎች፣ ምግብ ቤቶችና ፀጉር ቤቶች በር ላይ ከሚሰቀሉት ኤልኢዲ ታፔላዎች አንዱ ፒ10 የሚባለው ነው። ስሙ የሚናገረው ከአንዷ የብርሃን ነጥብ እስከ ቀጣይዋ ያለውን 10 ሚሊ ሜትር ርቀት ነው። እዚህ የምንገመግመው ባለ ሙሉ ቀለሙን የውጭ ሰሌዳ ነው። እያንዳንዳቸው 32 በ16 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 36 ሞጁሎች (አምፖሎቹ የተተከሉባቸው ተገጣጣሚ ቁራጮች)፣ ስድስት በወርድ ስድስት በቁመት ተደርድረው 192 በ96 ነጥብ ያለው ሰሌዳ ይወጣቸዋል።

ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ሻጩ የሚያሞግሰው ድምቀቱንና እንቅስቃሴውን ነው፤ የዞኒንግ ደንብ፣ ማለትም በየትኛው የከተማው ክፍል ምን መሥራትና መስቀል እንደሚቻል የሚወስነው ደንብ፣ ደግሞ አጥብቆ የሚቆጣጠረው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ስለዚህ ይህን ታፔላ የምንመዝነው ሲደበዝዝ ምን ያህል ጥራቱን እንደሚጠብቅና ቆሞ ሲነበብ ምን እንደሚመስል አይተን ነው።

መጀመሪያ ልኩ። "3 በ6" ይባል እንጂ የብርሃኑ ገጽ በትክክል 3.15 በ6.3 ጫማ፣ ማለትም ወደ 19.8 ካሬ ጫማ ነው። ዙሪያውን 2 ኢንች ፍሬም ሲጨመርበት 23 ካሬ ጫማ ይሆናል፤ ብዙ ከተሞች ደግሞ የሚቆጥሩት ከነፍሬሙ ነው። የተፈቀደው ስፋት ብዙ ጊዜ የሚሰላው በሱቁ የፊት ለፊት ወርድ ነው። ደንቡ ለአንድ ጫማ ወርድ አንድ ካሬ ጫማ የሚፈቅድ ከሆነ፣ 20 ጫማ ፊት ያለው ሱቅ ጠቅላላ ድርሻው 20 ካሬ ጫማ ብቻ ነው። ከላይ የተሰቀለው የስም ታፔላም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። አንዳንድ ደንቦች ከዚህ አልፈው ኤሌክትሮኒክ የሆነው ክፍል ከጠቅላላው ታፔላ የተወሰነ በመቶኛ እንዳይበልጥ ይላሉ። ሞጁሎቹ የሚገጠሙበት ሳጥን በትእዛዝ ተቆርጦ የሚመጣ ስለሆነ ከተሠራ በኋላ ማሳነስ አይቻልም።

አሁን ወደ ድምቀቱ እንምጣ፤ ብዙ ቅጣት የሚመጣው ከዚህ ነው። የውጭ ፒ10 ሞጁል በቀን ፀሐይ እንዲነበብ ተብሎ 5,000 ኒትና (ኒት የአንድ ገጽ ድምቀት መለኪያ ነው) ከዚያ በላይ እንዲያበራ ተደርጎ ይሠራል። በርካታ ከተሞች ከታፔላ ሠሪዎች ማኅበር ምክር ወስደው የደነገጉት የማታ ገደብ ደግሞ፣ ታፔላው በአካባቢው ብርሃን ላይ የሚጨምረው ከ0.3 ፉት ካንድል (በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) እንዳይበልጥ ነው። የሚለካበት ርቀት የሚገኘው የታፔላውን ካሬ ጫማ በ100 አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን በማውጣት ነው። ለዚህኛው 19.8 ሲባዛ በ100 ሆኖ 1,980፣ ስኩዌር ሩቱ 44.5 ጫማ ይሆናል። ፀሐይ ከጠለቀች ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ የብርሃን መለኪያውን ወደ ታፔላው አቅንቶ በዚያ ርቀት መቆም፤ ሰሌዳውን ሙሉ ጥቁር አድርጎ ማንበብ፤ ከዚያ ሙሉ ነጭ አድርጎ ማንበብ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚያዘው።

ይህ ስሌት ታፔላው ትንሽም ሆነ ትልቅ የሚያደርሰው ወደ አንድ ቁጥር ነው፦ ሙሉ ነጭ ሲሆን 323 ኒት ገደማ። ከ5,000 ኒት አንጻር 6 በመቶ ተኩል መሆኑ ነው። እንግዲህ ታፔላው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ከአቅሙ አንድ አሥረኛ በማይሞላ ድምቀት ነው ማለት ነው። የርካሹና የጥሩው ሞጁል ልዩነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ርካሹ በ100 በመቶ ሲያበራ ያምራል፤ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ ግን የቀለም ደረጃዎቹ ይጠፉበታል። የእንጀራው ፎቶ ንጣፍ ንጣፍ ይሆናል፣ ነጩ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ በስልክ ካሜራ ሲነሳ ጥቁር ሰንበር ይታይበታል። ሻጩን የሚጠይቁት የሪፍሬሽ ፍጥነቱን፣ ማለትም ምስሉ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ነው፤ 1,920 ኸርዝ ዝቅተኛው ይሁን፣ 3,840 ከተገኘ ይመረጣል። በ5 በመቶ ድምቀት ሙሉ ነጭ ሲያሳይ የተቀረጸ ቪዲዮም ይላክልኝ ይበሉ። ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ይልካል።

ብርሃኑን የሚያስተካክለው ሴንሰር አንዳንዴ ለብቻው ስለሚሸጥ አብሮ መምጣቱን ያረጋግጡ። ሴንሰር ደግሞ አቧራ ይይዘዋል፣ ሽቦው ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ታፔላው በእኩለ ሌሊት በቀን ድምቀቱ ያበራል። ለመጠባበቂያ በሰዓት የሚሠራ ፕሮግራም መሙላት ያስፈልጋል፤ እሱንም በየወሩ መከፋፈል ነው፣ ምክንያቱም በዋሽንግተን አካባቢ ፀሐይ በዲሴምበር የምትጠልቀው ከጁን ወደ 4 ሰዓት ገደማ ቀድማ ነው። የተቆጣጣሪ ካርዱንም ሰዓት ይዩት። በቤጂንግ ሰዓት ተሞልቶ የሚመጣ አለ፤ ከምሥራቃዊው የአሜሪካ ሰዓት በ12 ወይም በ13 ሰዓት ስለሚለያይ ፕሮግራሙ ተገልብጦ ቀን ይደበዝዛል፣ ሌሊት ይንቦገቦጋል።

ስለ እንቅስቃሴ ደንቡ ግልጽ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል፣ ቪዲዮ የሚያሳይ፣ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ታፔላ በብዙ የንግድ ዞኖች የተከለከለ ነው። የሚፈቀደው ቆሞ የሚነበብና በየተወሰነ ጊዜ ባንድ አፍታ የሚቀየር መልእክት ነው። የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር በ2007 ለመንገድ ዳር ዲጂታል ቢልቦርዶች ባወጣው መመሪያ አንድ መልእክት ከ4 እስከ 10 ሴኮንድ እንዲቆይ፣ 8 ሴኮንድ ቢሆን እንደሚመረጥ ገልጿል። 8 ሴኮንድ ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተሞች ደንብ ውስጥ ይገኛል። አንድ ደቂቃ የሚሉም፣ በቀን አንዴ ብቻ ይቀየር የሚሉም አሉ።

ባለሱቆች በዚህ ያዝናሉ፤ ስሌቱ ግን ከደንቡ ጋር ነው። በ35 ማይል የሚነዳ ሰው በሴኮንድ 51 ጫማ ይሄዳል። 32 ነጥብ ቁመት ያለው ፊደል 12.6 ኢንች ነው፤ ለአንድ ኢንች 10 ጫማ በሚለው የታፔላ ሠሪዎች ልማድ በደንብ የሚነበበው ከ126 ጫማ ነው። ነጂው ያን ርቀት በ2.5 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። የሚሄድ ጽሑፍ ቢፈቀድ እንኳ የሚያነበው ቁራጩን ብቻ ነው። አንድ አጭር መልእክት ቆሞ ቢታይ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ የአማርኛው ጉዳይ ይመጣል፤ ፒ10 የሚደክመውም በዚህ ነው። 192 ነጥብ ወርድ ላይ ባለ 32 ነጥብ የግዕዝ ፊደል ከ6 እስከ 7 ይሰለፋል፤ መስመሮቹ ሦስት ናቸው። "እንጀራ" አንድ መስመር ይበቃዋል፤ "እንጀራ በጅምላ" ሁለት ይፈልጋል። ብዙ ጽሑፍ ለማጨቅ ተብሎ ፊደሉ ወደ 16 ነጥብ ሲወርድ ችግር ይፈጠራል። ጀ ከደ፣ ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ የሚለዩት ከአናታቸው ባለች ጭረት ነው። በ16 ነጥብ ያቺ ጭረት አንድ ረድፍ አምፖል ብቻ ትደርሳታለች፤ በሷና በፊደሉ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከብርሃኑ ብዛት የተነሳ ይሞላል። ከመንገድ ሲታይ "እንጀራ" "እንደራ" ይሆናል፣ "ሽሮ" "ስሮ" ይሆናል። ለአማርኛ 24 ነጥብ ትንሹ ነው፣ 32 ደህና ነው። በዚያው ልክ የሚመጣው ፒ6.67 በአንድ ሞጁል 48 በ24 ነጥብ ስላለው ሰሌዳው 288 በ144 ነጥብ ይሆናል። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ለመጻፍ ላሰበ ተጨማሪው ዋጋ የሚያስቆጭ አይደለም።

ፎንቱን በተመለከተ፣ ኒያላ ቀጫጭን መስመሮች ስላሉት ለአምፖል አይመችም፤ ኤብሪማ ቦልድ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቦልድ ይሻላል። አንዳንድ የስልክ መተግበሪያዎች ግዕዝን ባዶ ሳጥን አድርገው ያሳያሉ። መፍትሔው ጽሑፉን በኮምፒውተር ልክ 192 በ96 ነጥብ በሆነ ምስል ላይ ሠርቶ እንደ ፎቶ መጫን ነው።

በአማርኛ ብቻ መጻፍን ከተማው ሊከለክል ይችላል ወይ? በካሊፎርኒያ የፖሞና ከተማ ባዕድ ፊደል ያለበት የንግድ ታፔላ ቢያንስ ግማሹ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1989 ሽሮታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 በአሪዞና የጊልበርት ከተማ ጉዳይ ላይ የታፔላን ይዘት እየለየ የሚገድብ ደንብ እጅግ ጥብቅ ምርመራን ማለፍ እንዳለበት ወስኗል። ከተማው ያለ ጭቅጭቅ የሚቆጣጠረው ስፋቱን፣ ቦታውን፣ ብርሃኑንና እንቅስቃሴውን ነው። ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሲባል የሕንፃው ቁጥር በሚነበብ አኃዝ እንዲጻፍ ማስገደዱ ግን ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ግን በእኛ ሰው ዘንድ በይሉኝታ ይታለፋል። ወዳጅ ይመጣና "የኔንም የጉዞ ወኪል እስቲ በዚያች ታፔላህ ጣል አድርግልኝ" ይላል። በብዙ ከተሞች ይህን ማድረግ የሱቁን ታፔላ ቢልቦርድ ያደርገዋል፤ ቢልቦርድ ደግሞ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ዞን ይጠይቃል። በቦታው የሚሸጠውንና ከቦታው ውጭ ያለውን ለይቶ መደንገግ እንደሚቻል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 በኦስቲን ከተማ ጉዳይ ላይ አጽንቷል። የኮንሰርት ቲኬቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ይለያል።

በኤሌክትሪኩ በኩል ይህ ምርት የሚወድቅበት ትልቁ ቦታ መለያ ምልክቱ ነው። የሽያጭ ገጹ ላይ "ዩኤል" (የዕቃዎችን ደህንነት የሚመረምረው የአሜሪካ ድርጅት ስም) ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የተመሰከረለት ውስጡ ያለው ፓወር ሳፕላይ ብቻ ነው። የከተማው ተቆጣጣሪ የሚፈልገው ታፔላው በሙሉ በዩኤል 48 መስፈርት መመዝገቡን የሚያሳይ ምልክት ሳጥኑ ላይ ተለጥፎ ማየት ነው። ያ ከሌለ በቦታው ላይ የሚደረግ ምርመራ ይጠየቃል፤ ወጪውም ርካሽ የተባለውን ዕቃ ውድ ያደርገዋል። ከመክፈል በፊት የምልክቱን ፎቶና የፋይል ቁጥሩን ማስላክ ነው። ሌላው ቀላል ነው፦ ሞጁሉ በሙሉ ነጭ 25 ዋት ቢወስድ 36ቱ 900 ዋት ናቸው፤ የፓወር ሳፕላዩ ብክነት ሲታከልበት በ120 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይሆናል። ባለ 20 አምፔር የራሱ መስመር ይበቃዋል። ኃይል መቁረጫው ከታፔላው በሚታይ ቦታ መሆን አለበት።

ፈቃዱን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ቢዛባ ገንዘብ ያስከፍላል። መጀመሪያ አከራዩ ነው፤ በገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ሱቅ የማዕከሉ የታፔላ ዕቅድ ይገዛዋል፣ እሱም ከከተማው ደንብ የጠበቀ ሊሆን ይችላል። የአከራዩ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ከተያዘ በኋላ በከተማው ካርታ ላይ አድራሻው በየትኛው ዞን እንደሆነ ማየት፤ ቀጥሎ የታፔላውን ምዕራፍ ከትርጓሜው ጀምሮ ማንበብ። "ኤሌክትሮኒክ መልእክት"፣ "ተንቀሳቃሽ" እና "ብልጭ ድርግም የሚል" የሚባሉት ለየብቻ ይተረጎማሉ፤ ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል። ታሪካዊ ሰፈር ወይም መኖሪያ ቤት አጠገብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አይቻልም ነው። ከዚያ ልኩና ከመሬት ከፍታው የተጻፈበት ሥዕል፣ የሱቁ ፊት ፎቶ፣ የአሰቃቀሉ ዝርዝርና የኤሌክትሪክ ፈቃድ ማመልከቻ ይገባል። ነባር ምሰሶ ላይ ያለውን ፓኔል በኤልኢዲ መተካትም አዲስ ፈቃድ ነው፤ ምሰሶው ከአሁኑ ደንብ በፊት የቆመ ከሆነ ለውጡ እንደነበረ የመቀጠል መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። መስታወቱ ውስጥ መስቀልም ማምለጫ አይሆንም። ብዙ ደንቦች ከመንገድ የሚታይን የመስኮት ታፔላ ይቆጥራሉ።

ከተሰቀለ በኋላ የሚገጥሙት ብልሽቶች በአብዛኛው በቀላሉ ይለያሉ። አንድ ሞጁል ወይም ከሱ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ከጠፋ ባለ 16 ፒኑ ፍላት ኬብል ላልቷል። በአንድ አካባቢ ያሉ ስድስት ሞጁሎች ባንዴ ከጨለሙ የሚያበላቸው ባለ 5 ቮልት ፓወር ሳፕላይ ሄዷል። ነጩ ከፓወር ሳፕላዩ በራቁት ሞጁሎች ላይ ብቻ ወደ ቀይ ካደላ ሽቦው ቀጥኖ ቮልቴጁ ወርዷል፤ ሰማያዊና አረንጓዴ አምፖሎች ከቀዩ የበለጠ ቮልት ስለሚፈልጉ ቀድመው ይደክማሉ። ሽቦውን ማወፈር ያድነዋል። የሳጥኑ የታችኛው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በሲሊኮን እንዳይደፈን ጫኙን ማስጠንቀቅ ይገባል። ሦስት መለዋወጫ ሞጁሎችንም ከዋናው ጋር ከአንድ የምርት ዙር ይዘዙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌላ ዙር የሚገዛው በቀለም አይገጥምም፣ በሰሌዳው መሀል እንደ መጣፊያ ሆኖ ይታያል።