ለደብረ ብርሃን የአካውንቲንግ ተማሪዎች፦ «ተሠርቶ ያለቀ» አሳይመንት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ባሉ ኮሌጆች አካውንቲንግና ፋይናንስ ወይም ማኔጅመንት ለምትማሩ፣ በተለይም እንደ እኔ ቀን ሥራ ውላችሁ በኤክስቴንሽን ለምትማሩ እህቶችና ወንድሞች ነው። የተሠሩ አሳይመንቶችንና የመውጫ ፈተና ጥያቄዎችን ይዟል ተብሎ በእጅ በእጅና በቴሌግራም የሚሸጥ ጥራዝ አለ፤ እኔ ገዝቼው ተጎድቻለሁ።

በጥቅምት ወር 1,800 ብር በቴሌብር ከፈልሁ። ገንዘቡ መንዝ ያሉት አባቴ በግ ሸጠው ለመመዝገቢያ ከላኩልኝ ላይ የተቀነሰ ነበር። ሻጩ ጥራዙ በመምህራን የተዘጋጀ፣ ዘንድሮ የታደሰና በክፍላችን ለሌላ ተማሪ የማይሸጥ መሆኑን አረጋገጠልኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «በኋላ ትወስዳለህ» አለኝ፤ እኔም አጥብቄ አልያዝሁትም።

የመጀመሪያው አሳይመንታችን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር። በጥራዙ ውስጥ ወርሃዊ ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ የገቢ ግብሩ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ተብሎ ተሠርቷል። ይህ ስሌት በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ፣ ከግብር ነፃ የሚሆነው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ትክክል ነበር። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ግን ሕጉ ተሻሽሎ እስከ 2,000 ብር ያለው ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው 15 በመቶ፣ ቀጥሎ እስከ 7,000 ብር ባለው 20 በመቶ ይታሰባል። ስለዚህ የዚያ ሠራተኛ ግብር 300 እና 200 ተደምሮ 500 ብር ነው። 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 350 ብር፣ ሲቀነስ በእጁ የሚገባው 4,150 ብር ሲሆን ጥራዙ ግን 3,952 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። በምሠራበት የሕንፃ መሣሪያ መደብር የራሴ ደመወዝ በአዲሱ ሠንጠረዥ እየተከፈለኝ ይህን ሳላስተውል መቅረቴ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ የገዛሁት ላለማሰብ ስለነበር አላሰብሁም።

መምህራችን የሦስት ተማሪዎችን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ደርድረው ያችን 697.50 በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ ነኳት። በጥያቄው ውስጥ የነበረ የአንድ ሠራተኛ ስም በጥራዙ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ ያ ፊደል በሦስታችንም ወረቀት ላይ ጎድሏል። «ለሌላ አይሸጥም» የተባለው ነገር እዚያው ላይ ተገለጠ። አሳይመንቱ ከ100 የያዘው 20 ነጥብ ለሦስታችንም ዜሮ ሆነ፤ መምህሩ እንደገና ሠርተን እንድናስገባም አልፈቀዱም፣ እኔም ፍርዳቸውን አልቃወምም።

ከዚያ በኋላ ቀሪውን ገጽ በገጽ መረመርሁት። የዕቃ ክምችት ምዕራፉ ወጪውን ያሰላው በላይፎ፣ ማለትም መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል በሚለው ዘዴ ነው። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ይህን ዘዴ አይፈቅድም። ዘዴው ዛሬም የሚፈቀደው በአሜሪካ በመሆኑ፣ አዘጋጁ የአሜሪካን መማሪያ መጽሐፍ መልሶች እንዳሉ እንደገለበጠ እገምታለሁ። «የመውጫ ፈተና ጥያቄዎች» የተባሉት ገጾችም ከአንደኛ ዓመት የሂሳብ መዝገብ አያያዝ አያልፉም፤ ኦዲቲንግ፣ ኮስት አካውንቲንግና የመንግሥት ሂሳብ አያያዝ ፈጽሞ የሉበትም። በዚህ ጥራዝ ተማምኖ ፈተናው ውስጥ የሚገባ ሰው ሊደርስበት የሚችለው ነገር ያስፈራኛል፤ ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ ዲግሪውን የሚያገኘው ይህን ፈተና ቢያንስ በ50 በመቶ ሲያልፍ ነውና።

ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ደጋግሜ ብደውልም ሻጩ ስልክ አያነሳም። ጥራዙን የጠረዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ የማተምና የመጠረዝ ዋጋ ብቻ እንደተቀበለ ነገረኝ። በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ለማን እንደከፈልሁ እንጂ ምን እንደገዛሁ አይናገርም፤ ደረሰኝ ሳልቀበል መክፈሌ አቤቱታ የማቀርብበትን መንገድ አጥብቦብኛል።

ጥራዙን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ የደመወዙን ገጽ ገልጣችሁ ከግብር ነፃ የተባለው 600 ብር ይሁን 2,000 ብር ተመልከቱ፤ 600 ከሆነ ከዚያ ጥራዝ አንዲት ቁጥር እንኳ ገልብጣችሁ አታስገቡ። ሁለተኛውን አሳይመንት ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠን በሦስት ሰዓት ጨርሰነዋል፤ ያልገባንን መምህሩ ራሳቸው ያለ ምንም ክፍያ አስረድተውናል። ጥራዙ አሁንም እኔ ዘንድ አለ፤ ለማወዳደር ለሚፈልግ ተማሪ ቅዳሜ ከክፍል ስንወጣ አሳየዋለሁ፣ ፎቶ ማንሳት ግን አልፈቅድም።