«ጎትማን ካርድ ዴክስ»፦ ግማሹ በስልክ ለሆነ ትዳር የሚረዳ ነፃ አፕ

ስልካችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ካለ አንድ አፕ ልጠቁማችሁ። ስሙ ጎትማን ካርድ ዴክስ ይባላል። ነፃ ነው። የሠራው አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ የሚገኘው የጎትማን ኢንስቲትዩት ነው። ለባልና ሚስት ወይም ለፍቅረኛሞች የተዘጋጁ ከሺህ በላይ ካርዶች አሉት፤ በየርዕሳቸው ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። አንዱን ርዕስ ትከፍታላችሁ። ካርድ ይወጣል። ካርዱ ላይ ጥያቄ ወይም ሐሳብ አለ። አንዳችሁ ታነባላችሁ፣ አንዳችሁ ትመልሳላችሁ። በቃ ይኸው ነው።

ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን ለምን እንደጠቀመኝ ለመናገር ኑሯችንን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሳይኮሎጂ ነው፤ የምሠራው ግን ባንክ ነው፣ እዚሁ አዳማ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጅቡቲ ይመላለሳል። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ። ወደብ ደርሶም ጭነት እስኪያገኝ ይጠብቃል። ስለዚህ የትዳራችን ግማሹ ያለው ስልክ ላይ ነው። የስልክ ወሬ ደግሞ መልኩ ይታወቃል።

«ደረስክ?» «ደርሻለሁ።» «በላህ?» «በልቻለሁ። ልጁስ?» «ተኝቷል።» «በቃ እሺ፣ ቻው።»

ይህ ጠብ አይደለም። መኳረፍም አይደለም። ግን ወር በገባ ወር በወጣ እንዲህ ብቻ ከተባባላችሁ፣ ሰውየው ቤት ሲገባ እንግዳ ይሆንባችኋል።

ስለ መዋደድ መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ቅርበት ነው። ፌስቲንገር፣ ሻክተር እና ባክ በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ያሳተሙት ጥናት አለ። ያጠኑት ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ የሚኖሩ ሰዎችን ነው። በር ለበር ከሚጎራበቱት 41 በመቶ ያህሉ የቅርብ ወዳጅ ሆነው ተገኙ። በዚያው ኮሪደር ጫፍና ጫፍ ከሚኖሩት ግን 10 በመቶ ብቻ። ክፍል ውስጥ ስማረው ለፈተና የምይዘው ቁጥር ነበር። ካገባሁ በኋላ ግን አሳሰበኝ። የኔ ሰው ያለው ከኮሪደሩ ማዶ ሳይሆን ከአፋር በረሃ ማዶ ነዋ!

ልቤን ትንሽ ያሳረፈው ሌላ ጥናት ነው። ጂያንግ እና ሃንኮክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 ያሳተሙት ነው። 63 ጥንዶች ለአንድ ሳምንት የየዕለት ንግግራቸውን መዘገቡ። ተራርቀው የሚኖሩት በቀን የሚነጋገሩበት ብዛት ያነሰ ነው። ሲነጋገሩ ግን ስለ ራሳቸው የበለጠ ይናገራሉ፤ መቀራረቡም የበለጠ ይሰማቸዋል። አብዛኞቹ ገና ወጣት ፍቅረኛሞች ስለሆኑ ልጅና የቤት ኪራይ ላለብን ሰዎች ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ቢሆንም ዋናው ነገር ገባኝ። ጥሪው ጥቂት ከሆነ የሚወራው ነገር ክብደት ያስፈልገዋል። አፑን የጫንኩት ለዚህ ነው።

የጀመርነው «የፍቅር ካርታ» ከሚለው ክፍል ነው። ጥያቄዎቹ የትዳር ጓደኛህን ውስጥ ምን ያህል ታውቀዋለህ የሚሉ ናቸው። የቅርብ ጓደኛዋ ማን ነው? አሁን የሚያስጨንቃት ምንድን ነው? ያልተሳካላት ምኞትስ? አንድ ማታ ሎጊያ ቆሞ ሳለ «አሁን እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ምን ይመስልሃል?» አልኩት። ሳያመነታ «የቤት ኪራይ» አለ።

አልነበረም። የሚያስጨንቀኝ ከሎጊያ ወዲያ ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ስደውል «ሊያገኟቸው አይችሉም» የምትለዋ ሴትዮ ከመለሰችልኝ እንቅልፍ የለኝም። ነግሬው አላውቅም ነበር። በረሃ ላይ ላለ ሰው ይህን መንገር ጭንቀት መጨመር ይመስለኝ ነበር። ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እና ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምታድሪው?» አለኝ። ድምፁ ሌላ ነበር።

ያን ማታ «የመገናኛ ልማዶች» ወደሚለው ክፍል አለፍን። እዚያ ያሉት ካርዶች ጥንዶች ሲለያዩ፣ ሲገናኙ፣ ማዕድ ሲቀርቡ ምን እንደሚያደርጉ በግልጽ ተነጋግረው እንዲወስኑ ያደርጋሉ። እኛም ወሰንን። ኔትወርክ ካለበት የመጨረሻው ቦታ አንድ ሚስኮል። ማዶ ሲደርስ አጭር መልእክት። ሚስኮሉ ሳንቲም አያስወጣም። አሁን ሚስኮሉ ሲገባ እተኛለሁ።

የእሱም ተራ ደረሰ። ምኞቱን ስጠየቅ እርግጠኛ ሆኜ «የራስህን መኪና መግዛት» አልኩ። ሹፌር ሌላ ምን ይመኛል? እሱ ግን የሚመኘው መተሐራ ላይ ጎሚስታ ቤት መክፈት ነው። ሌሊት ጎማ ፈንድቶበት የሚሠራለት አጥቶ ያደረባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሚከፈት፣ ሻይም ያለው፣ ሹፌር ጀርባውን የሚያሳርፍበት ቤት ነው በሐሳቡ የያዘው። የመደርደሪያውን ቦታ ሳይቀር ያውቀዋል። እኔ ስለዚህ ቤት አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሌላ ጊዜ ስለ ልጅነቱ ጠየቅኩት፤ ስልኩ ላውድ ላይ ነበር። አማቴ ቡና እየቆሉ ሰሙን። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ባልሽን አታውቂውም እንዴ?» አሉኝ። «እማዬ፣ ሁሉንም አላውቅም» አልኳቸው። ማንከሽከሻውን አስቀምጠው ጥያቄውን እሳቸው መለሱት። ልጅ ሆኖ አስፋልት ዳር ተቀምጦ የሚያልፉትን ተሳቢዎች ሲቆጥር ይውል እንደነበር፣ ለምሳ ሲጠሩት አንድ ብቻ ልጨምር እያለ እንደሚለምናቸው አወሩ። እሱ በስልክ ሲስቅ ይሰማኛል። አፑ የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። እኛ ቤት ግን ሦስተኛ ሰው ሲገባበት አልተበላሸም፤ እንዲያውም ደመቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥያቄ መጠየቅ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ መልሱ ሲመጣ የምታደርጉት ነው። አፑ «በደንብ ማዳመጥ» የሚሉ ካርዶችም አሉት፤ ብዙ ሰው እነሱን ዘሎ ወደ ጥያቄዎቹ የሚሄድ ይመስለኛል። እባካችሁ አትዝለሉ።

ከኢንስቲትዩቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ሲያትል በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንደ መኖሪያ ቤት የተዘጋጀ ላቦራቶሪ ነበረው። አዲስ ተጋቢዎች እዚያ ውለው ሲያወሩ፣ ሲበሉ፣ ሲቀመጡ ይታዩ ነበር። ጎትማን በተለይ ያየው ትንንሿን ነገር ነው። አንዱ «ያቺን ወፍ እያት» ሲል ሌላው ምን ያደርጋል? ቀና ይላል? ወይስ ጋዜጣውን ማንበብ ይቀጥላል? ከስድስት ዓመት በኋላ አብረው የቆዩት፣ ያኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ 86 በመቶውን ጊዜ ምላሽ ሲሰጡ የነበሩ ናቸው። የተፋቱት የመለሱት ለ33 በመቶው ብቻ ነው።

የኛ ወፍ ግመል ናት። ባለቤቴ ገዋኔ አካባቢ ሲደርስ ይደውልና «ግመሎች መንገዱን ዘግተውት ቆሜያለሁ፣ ብታያቸው!» ይላል። «እሺ፣ ስንት ሰዓት ትገባለህ?» ማለት ይቻላል። ክፉ መልስ አይደለም። ግን ሰውየው ስለ ሰዓት አልነበረም የሚያወራው። «ግልገል አላቸው? እስቲ ፎቶ አንሳልኝ» ስትሉት ሌላ ወሬ ይከፈታል። ካርዶቹ የሚያለማምዱት ይህን ነው ብዬ አምናለሁ።

ለደስታ ዜናም እንዲሁ ነው። ሼሊ ጌብል እና ባልደረቦቿ በ2004 ያሳተሙትን ጥናት ለጓደኞቼ ሁሉ እነግራለሁ። አንድ ሰው መልካም ዜና ይዞ ሲመጣ የትዳር ጓደኛው በአራት መንገድ ሊመልስለት ይችላል። ባለቤቴ «አዲስ መኪና ሊሰጡኝ ነው» አለ እንበል። «እውነት? ማን ነገረህ? ምን ተሰማህ?» አንዱ ነው። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ ሁለተኛው። «አዲስ መኪና ማለት ተጨማሪ ጉዞ ነው፣ ጭራሽ ልትጠፋ ነው» ሦስተኛው። «እኔ ዛሬ ባንክ የገጠመኝን ብነግርህ!» አራተኛው። ከተሻለ ግንኙነት ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው ነው። «ጥሩ ነው» የሚል ሰው ምንም ያጠፋ አይመስለውም። ዜናው ግን እዚያው ይሞታል።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አነባለሁ፣ ከዚያ በራሳችን አነጋገር እጠይቀዋለሁ፤ ቃል በቃል ለማስኬድ አልሞክርም። አንዳንዱ ሐሳብ ደግሞ ሁለቱም በየማታው ቤት የሚገቡ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚያርፉ ጥንዶችን ያሰበ ነው። እነዚያን አልፋቸዋለሁ። «ሳልሳ» የሚባለው ክፍል ስለ መኝታና ስለ መፈላለግ ነው፤ በሦስት የሙቀት ደረጃ ተከፍሏል። ለባለትዳር የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ስለዚህ ነገር አፍ አውጥተን ማውራት ለሚከብደን ሰዎች እንዲያውም መንገድ ይከፍታል። ግን ስልኩ ላውድ ላይ ሆኖ፣ ረዳቱ ጎን ተቀምጦ አይሆንም።

ስለ ጎትማን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ በጣም ይጋነናል። «ጥንዶችን ጥቂት ደቂቃ አይቶ ይፋቱ አይፋቱ ከ90 በመቶ በላይ በትክክል ይናገራል» ሲባል ትሰማላችሁ። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ተችተዋል። የሚተነብይበት ቀመር የተሠራው መጨረሻቸው አስቀድሞ ከታወቀ ጥንዶች ነው፤ እንዲህ ያለ ቀመር በአዳዲስ ጥንዶች ላይ ሲሞከር ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አፑን እንደ ጠንቋይ አትዩት። አንድ ካርድ ላይ ተሳሳተ ብላችሁ «በቃ አይወደኝም» አትበሉ።

በገንዘብም ላወዳድር። አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር የባልና ሚስት ሥልጠና የተባለ ነገር ገብቼ ነበር፤ የማን እንደሆነ አልናገርም። ክፍያው ቀላል አልነበረም። አሠልጣኙ ከጠዋት እስከ ምሳ ስለ ራሱ ትዳር አወራ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ጥንዶች አንዳቸው ለሌላው አንድም ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ይህ አፕ ቢያንስ አፋችሁን ያስከፍታችኋል። በነፃ።

አጠቃቀም ላይ የኔ ምክር ይህ ነው። ከቀላሉ ጀምሩ። አርተር አሮን እና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎች 36 ጥያቄ እየተጠያየቁ በ45 ደቂቃ ውስጥ መቀራረብ ችለዋል። ጥያቄዎቹ ግን በሦስት ዙር፣ ቀስ በቀስ እየጠለቁ የሚሄዱ ነበሩ፤ ሁለቱም ተራ በተራ ይመልሱ ነበር። አንዱ ብቻ ጠያቂ ከሆነ ምርመራ ይሆናል። ስለዚህ የጠየቃችሁትን እናንተም መልሱ። እኛ በአንድ ጥሪ ሁለት ሦስት ካርድ ይበቃናል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ራሱ ሰዓቱን ይበላዋል። እያሽከረከረ ከሆነ ጨርሶ አንነካውም። ቆሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ከበላ በኋላ ነው።

ጠብ መሐል ስትሆኑም አትክፈቱት። ጎትማን እንደሚለው የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው በደንብ መስማት አይችልም፤ ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ያኔ ካርድ ማውጣት ማባባስ ነው። ዱላ ወይም ማስፈራራት ባለበት ቤት ደግሞ ይህ አፕ ቦታ የለውም። እዚያ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሳይሆን ከአደጋው መውጣትና የሚያግዝ ሰው ማግኘት ነው።

ከዚያ ውጭ ግን አረብ አገር የሄደች ሚስት ላለችው፣ ክፍለ ሀገር የተመደበ ባል ላላት፣ አንድ ቤት እያደሩም ማታ ማታ ሁለቱም ስልካቸው ላይ ለሚያፈጡ፣ ደስ ብሎኝ እመክራለሁ። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛውን አማርኛ ሲጨምሩበት እሰጣቸዋለሁ።