ደሴና ኮምቦልቻ መኪናችሁን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ሊፍት ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ኧረ ጎበዝ፣ ተጠንቀቁ። ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ «ሙሉ የሊፍት ኪት፣ 2 ኢንች፣ ከነመግጠሚያው» እየተባለ ለሃይሉክስ ባለቤቶች የሚሸጥ ነገር አለ። የአክስቴ ልጅ ከወረኢሉ እህል የሚያመጣበትን ቪጎ ሃይሉክስ አስገጥሞ መጣ። ጎማውን ፈተን ስናይ ኪት የሚባል ነገር የለም። ከፊት ሞላውን የያዘው ሾክ አናት ላይ ቶርኖ ቤት የተቀረጸ ክብ ብረት ገብቷል፣ ከኋላ የባሌስትራው (የተደራረበው ዝርግ ሞላ) ማንጠልጠያ በረጅም ተቀይሯል፣ በቃ። «አዲስ» የተባሉት ሾክ አብዞርበሮች የድሮዎቹ ናቸው፣ ጥቁር ቀለም ተረጭተው። ቀለሙ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ሳይቀር አርፏል። አዲስ ሾክ ዘንጉ ላይ ቀለም የለውም! በቁልፍ ጫር ስናደርገው ዝገቱ ከስር ብቅ አለ።

ክብ ብረቱ ስፔሰር ነው። ርካሽ ነው፣ በልኩ ከገባም ይሠራል። የሚያናድደው በሙሉ ኪት ዋጋ መሸጡ ነው፣ ምክንያቱም ስፔሰር መኪናውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ለሞላው ጉልበት አይጨምርም፣ ሾኩንም አያረዝምም። ልኩን ደግሞ ጠይቁ። ቪጎ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ሾኩ አናት ላይ 1 ኢንች ሲገባ ጎማው ጋ ወደ 2 ኢንች ይደርሳል። 2 ኢንች ውፍረት ያለው ብረት ከገባ እንግዲህ 4 ገደማ መሆኑ ነው። ያኔ የፊት አክስሉ ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ የመገጣጠሚያው ላስቲክ ይቀደድና ግራሶው ጎማው ላይ ይረጫል፣ ከዚያ አቧራው ገብቶ መገጣጠሚያውን ይበላዋል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የኋላው ነው። ብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ፣ የጭነቱን ክብደት እያየ የኋላ ፍሬኑን የሚመጥን ቫልቭ አለ። ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ከአክስሉ ሲርቅ መኪናው ባዶ ይመስለዋል፣ ለኋላ ፍሬን የሚልከውን ግፊት ይቀንሳል። እነዚህ ሰዎች ኋላውን ከፍ አድርገው ዘንጓን እንዳለች ትተዋታል። ከደሴ እህል ጭናችሁ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ፣ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁለት በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ የኋላ ፍሬናችሁ በግማሽ ልብ ሲይዝ አስቡት። ይሄ የሰው ሕይወት ነው።

ስለዚህ ከጋራዥ ሳትወጡ መኪናው በክሪክ ይነሳ፣ ጎማዎቹ ይንጠልጠሉ፣ መሪውን ቀኝና ግራ እስከ መጨረሻው አዙሩና የፍሬን ቱቦውን እዩ። ከተወጠረ አትረከቡ። ቫልቩን አስተካክላችኋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ «የምን ቫልቭ?» ካሏችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ሳይሠራ፣ መብራቱም ወደ ታች ሳይስተካከል አለቀ አይባልም። ባሌስትራ በእሳት አሙቄ አቀናለሁ የሚላችሁንም አትስሙ፣ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣና ተመልሶ ይተኛል፣ ወይ ይሰበራል።

ደግሞስ ሊፍቱ የግድ ያስፈልጋችኋል? ድንጋይ የሚመታባችሁ የኋላ ዲፈረንሻሉ (አክስሉ መሃል ያለው እብጠት) ከሆነ ሊፍት ምንም አይጠቅምም፤ አክስሉ የተቀመጠው ጎማው ላይ ነው። ከ265/70 ባለ 16 ጎማ ወደ 265/75 ብትቀይሩ የምታገኙት 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም እሱ እውነተኛ ከፍታ ነው። ብዙዎቻችን ጋ ያለው ችግር ደግሞ በሸክም ብዛት የተኛ ባሌስትራ ነው፣ ደህናውን ከገዛችሁ መኪናው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ደረሰኙ ላይ ሞላው፣ ሾኩ፣ ማንጠልጠያው እያንዳንዱ ከነዋጋው ይጻፍ። የአክስቴ ልጅ ገንዘቡን ለማስመለስ ሲሄድ ወረቀቱ ላይ ያለው «ሊፍት 1» የሚል ብቻ ነበር፣ «ሊፍት ተደርጎልሃል፣ ሌላ ምን ቀረ?» ብለው መለሱት። መኪናውን አሁን አቁሞታል። ደሴ ውስጥ ይህን ቫልቭ በትክክል የሚያስተካክል መካኒክ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙን።